ልብስ ሰፊና ፊልም፦ በአምቦ ከአንድ ሱቅ ያየነው

ፊልም ሲታይ ተመልካች ተዋናዩን ያመሰግናል፤ ልብሱን ማን ሰፋው ብሎ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። እኛም በአምቦ ከተማ ከአንድ ሽማግሌ ልብስ ሰፊ ሱቅ እስክንገባ ድረስ ጠይቀን አናውቅም ነበር።

ሱቁ ጠባብ ነው፤ በእግር የሚረገጥ የስፌት መኪና፥ የከሰል ካውያና አንድ ረዥም ጠረጴዛ ሞልተውታል። ባለ ሱቁ፥ ኦቦ እያልን የምንጠራቸው፥ ልክ የሚወስዱት በሜትር፥ በጨርቁ ላይ የሚያሰምሩት ግን በሳሙና ስባሪ ነው፤ ሲታጠብ ይጠፋልና። ከጊንጪና ከጉደር ድረስ የሠርግ ልብስ ሊያሰፉ የሚመጡ ደንበኞች አሏቸው። ከጥቂት ዓመታት በፊት ደግሞ ፊልም የሚሠሩ ወጣቶች መጥተው የቀድሞ ዘመን ልብስ አዘዟቸው፤ ይኸውም ከጭኑ ሰፍቶ ከባቱ የሚጠብ የፈረሰኛ ሱሪ፥ እጀ ጠባብና ኮት ነበረ።

ኮቱን በአንድ ልክና በአንድ ጨርቅ ሦስት አድርገው እንዲሰፉ ተጠየቁ። ምክንያቱም ፊልም እንደ ታሪኩ ቅደም ተከተል አይነሣም። ሰውየው ጭቃ ላይ የሚወድቅበት ክፍል ጧት ተነሥቶ፥ ከመውደቁ በፊት ያለው ከሰዓት በኋላ ሊነሣ ይችላል፤ ስለዚህ ንጹሕ ኮት ተዘጋጅቶ መቆየት አለበት። ከሦስቱ አንዱን ኦቦ ራሳቸው በአሸዋ ፈትገው አስረጁት። «ሰፍቼ ማበላሸትን ያን ዕለት ተማርሁ» ብለው ሳቁ።

ነጩ እጀ ጠባብ ሌላ ችግር አመጣ። ነጭ ጨርቅ በብርቱ መብራት ፊት ብርሃኑን መልሶ ስለሚያንጸባርቅ፥ ጠይም ፊት ከአጠገቡ ጨልሞ ይታያል። ስለዚህ በሻይ ተነክሮ ጥቂት እንዲደበዝዝ ይደረጋል፤ ዘዴው በውጭ አገር የፊልም ልብስ ሠራተኞችም ዘንድ የታወቀ ነው። ቀለም በሌለው ፊልም ደግሞ ነገሩ ይለያል። በ1957 ዓ.ም. የወጣው «ሂሩት አባቷ ማነው» ጥቁርና ነጭ ነበር፤ በእንዲህ ያለ ፊልም ቀይና አረንጓዴ ሁለቱም ግራጫ ሆነው ሊመሳሰሉ ስለሚችሉ፥ ልብስ የሚመረጠው በቀለሙ ሳይሆን በድምቀቱና በጨርቁ ሸካራነት ነው።

የቴአትር ልብስ ከሩቅ ይታያል፤ በፊልም ግን የቁልፍ ቀዳዳ እንኳ ገዝፎ ይወጣል። ኦቦ የኮቶቹን የቁልፍ ቀዳዳዎች ሁሉ በእጅ የሰፉት ስለዚህ ነው። ስማቸው በፊልሙ መጨረሻ አልተጻፈም፤ እኛም የማንጽፈው እሳቸው ስላልፈለጉ ነው። የተቆጡት ግን በሌላ ነገር ነው፤ ተዋናዩ የኮቱን የታችኛውን ቁልፍ ቆልፎ ወጥቷል።

እኛን ይበልጥ ያሳሰበን የፈረሰኛው ሱሪ ቁርጥ ነው። ኦቦ ቁርጡን ከአስተማሪያቸው ወርሰው በሲሚንቶ ከረጢት ወረቀት ላይ አስቀርተውታል። ዛሬ ወጣቱ ልባሽ ጨርቅና የተዘጋጀ ልብስ ስለሚገዛ፥ ሙያውን የሚማርላቸው ልጅ አላገኙም። ወረቀቱ ከሱቁ እንዲወጣ ስላልፈቀዱ እዚያው ጠረጴዛው ላይ ገለበጥነው። አንድም ቁጥር የለበትም፤ ያለው የመርፌ ቀዳዳና የመቀስ ምልክት ብቻ ነው። የአብዛኛውን ትርጉም ነገሩንና ጻፍን። በጉልበቱ በኩል ስላሉት ሁለት ምልክቶች ግን፥ ጨርቅ በእጃቸው ሳይዙ ማስረዳት እንደማይችሉ ነገሩን። ከፈተና በኋላ ሦስት ሜትር ካኪ ገዝተን እንመለሳለን።