ቁልፉ እኛ ጋ ነው

ባልና ሚስት ናቸው። እሱ አስተማሪ ነው፣ እሷ ነርስ፤ ቤቱ የመጀመሪያቸው ነው። ገንዘቡ የዓመታት ዕቁብና ሸዋ ቤንች ካለው የእሷ ቤተሰብ ጓሮ የተለቀመ ቡና ነው። ቢሮዬ ሲመጡ መጥሪያ ይዘዋል። ቤቱን የሸጠላቸው ሰው እህት ከቴፒ መጥታ «የአባቴ ቤት ያለ እኔ ተሸጧል» ብላ ከሳለች። ካርታው ሲታይ እውነትም ዛሬም በሟች አባት ስም ነው። ሚስትየው መጥሪያውን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጣ የተናገረችው ግን እስከ አሁን ከጆሮዬ አልወጣም፦ «ጋሼ፣ ቁልፉ እኮ ከገዛን ጀምሮ እኛ ጋ ነው!»

ክርክሩ ገና ስላላለቀ ከዚህ በላይ አልገባበትም። ስለ ቁልፍ ግን መናገር አለብኝ፤ ምክንያቱም ይህን ዓረፍተ ነገር የሰማሁት ከእሷ ብቻ አይደለም። ሚዛን አማን ላይ ቤት የገዛ ሰው ሁሉ ይለዋል፤ ነጋዴውም፣ መምህሩም፣ ሕግ የተማረው ጭምር።

ገና ሳይገዙ የሚመጡት ጥቂቶች ደግሞ «ከተስማማን በኋላ ስንት ጊዜ ይፈጃል?» ይሉኛል። እስከ ምን ድረስ? እስከ ቁልፍ ከሆነ፣ ዓርብ ተነጋግሮ ሰኞ መግባት ይቻላል። ደላላ ያገናኛል፣ ቀብድ ይቆጠራል፣ ሽማግሌ ይቀመጣል፣ እማኞች ይፈርማሉ፣ ቡና ይፈላል፣ ቁልፉ ከሻጭ ኪስ ይወጣል። እስከ ካርታ ከሆነ፣ ወረቀቱ ንጹሕ ሲሆን ሳምንታት፣ ካልሆነ ዓመታት ነው። አንዳንዱ ጭራሽ አይደርስም።

ውጭ አገር ያሉ ዘመዶች በስልክ ሲሰሙ ይደነቃሉ። እንግሊዝ አገር ዋጋ ተስማምቶ ቁልፍ እስከ መረከብ ወራት ይሄዳል፤ ጠበቆች መዝገቡን ያገላብጣሉ፣ ባንኩ ያስገምታል፣ ገንዘቡ በጠበቆች በኩል ያልፋል፣ ቁልፉ ከሁሉ በኋላ ነው የሚሰጠው። የኛ ገዢ «እዚህ በሦስት ቀን አለቀ» ብሎ ይኮራል። የተጀመረውን አለቀ ይላል። እዚያ ከቁልፉ በፊት የሚሠራው ሥራ እዚህም አለ፤ ገዢው ከከፈለና ከገባ በኋላ እንዲሠራ ተላልፎ ነው እንጂ።

የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ የቤት ባለቤትነትን በቁልፍ አያስተላልፍም። አንቀጽ 1185 የማይንቀሳቀስ ንብረት ባለቤትነት በውል ሲተላለፍ በመዝገብ መግባት አለበት ይላል። አንቀጽ 1723 ደግሞ ውሉ በጽሑፍ ሆኖ በፍርድ ቤት ወይም ውል ለማዋዋል ሥልጣን ባለው አካል ፊት እንዲደረግና እንዲመዘገብ ያዛል። የፌዴራሉ ሰበር ሰሚ ችሎት በመዝገብ ቁጥር 21448 ይህን አጥብቆታል። እንግዲህ ሦስት ሽማግሌና አንድ ደላላ የፈረሙበት፣ ባለ መስመር ወረቀት ላይ የተጻፈው ውላችን ምን ያህል ይቆማል? ሻጩ ሰው እስከ ሆነ ድረስ ይቆማል። ሻጩ ሲሞት፣ ሲፋታ ወይም የሰፈሩ ዋጋ ሦስት እጥፍ ሲሆን ያን ጊዜ ይታያል።

ውሉ ሲፈርስ ተዋዋዮቹ ወደ ነበሩበት ይመለሱ ይባላል። ወረቀት ላይ ሲነበብ ፍትሐዊ ነው። ገዢው ግን ወዴት ነው የሚመለሰው? የሚመለስለት የከፈለው ብር ነው፤ ያው ቁጥር። ሐምሌ 2016 የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ያ ቁጥር ሲሚንቶና ቆርቆሮ ላይ ምን እንደሚያወጣ ሚዛን ገበያ የወጣ ሁሉ ያውቀዋል። ሌላም አለ። ግብር ለመቀነስ ሲባል ውሉ ላይ የሚጻፈው ዋጋ እውነተኛው አይደለም፤ ግማሹ፣ አንዳንዴም ሩቡ ነው። ውሉ ሲፈርስ ፍርድ ቤት የሚያየው የተጻፈውን ነው። ቀሪውን በእጅ መስጠትህን ማን ያስረዳልህ? ደላላው? ደላላው ያን ጊዜ ማጂ ነው ይሉሃል።

«ታዲያ ቀብድ ሰጥተን የለም እንዴ?» ይላሉ። ቀብድ ቤቱን አያስርም። በዚያው ሕግ አንቀጽ 1885 መሠረት፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ በቀር ሰጪው ቀብዱን ለቆ፣ ተቀባዩ እጥፉን መልሶ ከውሉ መውጣት ይችላል። ቡና ጥሩ ዋጋ ባወጣበት ዓመት የትንሽ ቀብድ እጥፍ ለሻጭ ምንም አይደለም።

መዘግየቱ ከየት ይመጣል ሲባል ሁሉም ጣቱን ወደ ማዘጋጃ ቤት ይቀስራል። ማዘጋጃ ቤት ፈጣን ነው አልልም፤ ደጁ ላይ ፀሐይም ዝናብም መትቶኛል። ነገር ግን እኔ ጋ የሚደርሱት ፋይሎች ገና መስኮቱ ጋ ሳይደርሱ የታመሙ ናቸው። አንዱ ካርታው በሟች ስም ነው፤ የወራሽነት ማስረጃ ሊወጣ ነው፣ ወራሾቹ አንዱ አማን፣ አንዷ ቴፒ፣ አንዱ ቤሩት ናቸው፣ ከቤሩት ውክልና ሊጠበቅ ነው። ሌላው የሸጠው ባል ብቻውን ነው፤ ሚስት አልፈረመችም፤ ለምን ሲባል «እሷ እኮ ታውቃለች» ይባላል።

የእኛ አገር ልዩ በሽታ ግን ቡና ነው። ነጋዴው እሸትና ጀንፈል የሚሰበስበው በጥሬ ገንዘብ ስለሆነ ቤቱን ለባንክ አስይዞ ይበደራል፤ ቡናው ተሽጦ ብድሩ እስኪዘጋ ፋይሉ ላይ እገዳ አለ። በመካከሉ ገንዘብ ያጥረዋል፤ ቤቱን ይሸጣል። ለገዢ የሚያሳየው የካርታ ኮፒ ነው። ኦሪጅናሉስ? «አዲስ አበባ ልጄ ጋ ነው።» ልጅየው ባንክ ነው። ቡናው ከከሰረ ደግሞ ባንኩ በአዋጅ ቁጥር 97/1990 መሠረት ፍርድ ቤት ሳይሄድ ቤቱን በሐራጅ ይሸጣል፤ ውስጥ የሚኖረው ማን እንደሆነ፣ ቁልፉ ማን ኪስ እንዳለ ግድ የለውም። አንድ ጠዋት ማዘጋጃ ቤት ሄዶ ፋይሉ ላይ ዕዳና እገዳ አለ ወይ ብሎ መጠየቅ ይህን ሁሉ ያስቀራል። ያን ጠዋት የሚቆጥቡት ለምን እንደሆነ አሁንም አልገባኝም።

ከከተማ ዳር ያለው ጉዳይ የባሰ ነው። ጓሮው ቡና፣ እንሰትና አቮካዶ የሞላበት ቤት ሲታይ ልብ ይሄዳል፤ ወረቀቱ ሲጠየቅ የገጠር ይዞታ ደብተር ይወጣል። መሬት አይሸጥም፤ ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 ላይ ጽፎታል። «የሸጥኩት ቡናውን ነው» የሚል ሻጭ አለ። እንዲህ ላለው ገዢ ስንት ጊዜ ይፈጃል ለሚለው መልስ የለኝም፤ ካርታ የሚባል ነገር ወደ እሱ አልተነሳም።

ወረቀቱ ንጹሕ ሆኖም የሚጓተተው ግን ይበልጥ ያናድደኛል፤ ምክንያቱ ተራ ነው፦ ገንዘብ አልቋል። በቤት ሽያጭ በሚገኝ ትርፍ ላይ 15 በመቶ ግብር ሊጠየቅ ይችላል፤ በሕጉ የሻጭ ነው፣ እኛ ጋ ግን ውሉ ላይ «የስም ማዛወሪያ ወጪ በሙሉ በገዢ» ተብሎ ይጻፋል። የቴምብር ቀረጡ 2 በመቶ ነው። የግምትና የአገልግሎት ክፍያ አለ። ነባር ይዞታ በውርስ ካልሆነ በቀር ሲተላለፍ ወደ ሊዝ ይገባል፤ አዋጅ ቁጥር 721/2004 ነው ያመጣው፤ እሱም የራሱ ክፍያ አለው። ገዢው ይህን ሳያሰላ የመጨረሻዋን ሳንቲም ለዋጋው ይሰጣል፤ የተረፈችውን ለቀለምና ለማድ ቤት ያውላል። ካርታው «ቀስ ብለን እናዞረዋለን» ይሆናል። ቀለሙ በዝናባችን ሁለት ጊዜ ታድሶ ስሙ ገና አልዞረም።

ስለዚህ እኔ ውል ስጽፍ የዋጋው አንድ ሦስተኛ ስም ሲዞር የሚከፈል እንዲሆን አደርጋለሁ፤ የተጻፈውም ዋጋ እውነተኛው ነው፤ ካልሆነ አልጽፍም። ሻጮች ይቀየሙኛል። «ሰው አታምንም እንዴ?» የሚሉኝ ሽማግሌዎች አሉ፤ በውነቱ ሰው አምናለሁ፤ የማላምነው ከአምስት ዓመት በኋላ የሚመጡትን ወራሾች ነው።

ከሁሉ ይልቅ የሚጠሉኝ ደላሎች ናቸው። ኮሚሽናቸው ቀብድ በተቆጠረ ቀን ይከፈላል፤ ስለዚህ ጥድፊያው ሁሉ ወደዚያ ቀን ነው፤ ከዚያ በኋላ ያለው የእነሱ ጉዳይ አይደለም። ኮሚሽኑም ቢያንስ ግማሹ ካርታ ሲወጣ ይከፈል ብዬ ነበር። አንዱ ሳቀብኝ። «ጋሼ፣ እስከዚያ እኔ ምን ልብላ?» አለኝ። ትክክለኛ ጥያቄ ነው። ግማሹን አሁን እንዲበላ፣ ግማሹን ደግሞ የወራሾቹን ፊርማ እየሮጠ በማሰባሰብ እንዲያገኘው ነገርኩት። አስብበታለሁ ብሎ ሄደ፤ ደንበኞቹን ግን ከዚያ ወዲህ ወደ እኔ አይልክም።