ድምፅ ሳታሰሙ እረፉ

የፊተኛው የጉልበት ጅማት አብዛኛውን ጊዜ የሚበጠሰው ተጋጣሚ ሳይነካን፣ ከዝላይ ስናርፍ ወይም በድንገት አቅጣጫ ስንቀይር ነው። በ2005 እ.ኤ.አ. የታተመ የአሜሪካ ጥናት 205 ሴት ስፖርተኞችን ተከታትሎ፣ ጅማታቸው የተበጠሰባቸው 9ኙ አስቀድሞም ሲያርፉ ጉልበታቸው ይበልጥ ወደ ውስጥ ያዘነብል እንደነበር አሳይቷል። ይህ አስተራረፍ ይታረማል፤ ስህተቷን በዓይኗ ላላየች ስፖርተኛ ግን ምክር ብቻውን እምብዛም አይረዳም። ስልክ ከፊት ለፊቷ አቁሙና ዝላዩን ቀርጻችሁ አብራችሁ በዝግታ እዩት። ትእዛዙም «ጉልበትሽን እጠፊ» ከሚሆን «ድምፅ ሳታሰሚ እረፊ» ቢሆን ይሻላል፤ ስለ መገጣጠሚያዋ ስታስብ እንቅስቃሴዋ ይገታል፣ የእግሯን ድምፅ ግን ራሷ ሰምታ ታስተካክላለች። «በጨዋታ መሃል ማን ይህን ያስባል?» የሚሉ አሰልጣኞች አሉ። እውነት ነው፣ ጉዳቱ እግር መሬት በነካ በሰከንድ ክፍልፋይ ስለሚደርስ ማሰቢያ ጊዜ የለም። ልምምዱ አስቀድሞ ልማድ መሆን ያለበትም ለዚሁ ነው፤ እርማቱን ቀስ በቀስ እየቀነሳችሁ ኳስና ተከላካይ ጨምሩበት።