አሥራ አንዱ ቀን፦ ከጎጃም ሰማይ ሥር የሚጀመር ትምህርት

ረመዳን በገባ ቁጥር ልጆች የሚያነሡት ጥያቄ አለ። «አምና ከዚህ ዘግይቶ ነበር፤ ዘንድሮ ለምን ቀደመ?» ይላሉ። በፍኖተ ሰላም፣ በቡሬና በምዕራብ ጎጃም ገጠር ጥያቄው ዘንድሮ የሙስሊሙ ቤት ጥያቄ ብቻ አይደለም። ዐቢይ ጾምና ረመዳን በአንድ ሰሞን ስለ ገቡ በአንድ ዴስክ የተቀመጡ ሁለት ተማሪዎች ሁለቱም ጾመኞች ናቸው። አንደኛው የመግሪብን አዛን፣ ሌላው የቅዳሴውን መውጫ ይጠብቃል። የሁለቱም ጾም መግቢያ በአንዲት ጨረቃ የሚቆጠር መሆኑን ግን በክፍል ውስጥ የሚሰሙት ከስንት አንዴ ነው።

ነገሩ ከቀላል ስሌት ይጀምራል። ጨረቃ አንድ ጊዜ ከታየች በኋላ ዳግመኛ እስክትወለድ 29 ቀን ተኩል ገደማ ይፈጅባታል። አሥራ ሁለት እንዲህ ያሉ ወራት 354 ቀን ይሆናሉ። የፀሐይ ዓመት ደግሞ 365 ቀን ከሩብ ነው። ልዩነቱ ወደ 11 ቀን ይመጣል። የሂጅራ አቆጣጠር ይህን ልዩነት በተጨማሪ ወር ስለማያካክስ ረመዳን በየዓመቱ 11 ቀን ያህል ይቀድማል፤ በ33 ዓመት ገደማም ወቅቶችን ሁሉ አዳርሶ ይመለሳል። በ15 ዓመቱ የየካቲትን ፀሐይ የጾመ ልጅ ረመዳንን ዳግመኛ በዚያው ወቅት የሚያገኘው ወደ 48 ዓመቱ ሲጠጋ ነው።

ያው 11 ቀን በቤተ ክርስቲያን ባሕረ ሐሳብ አበቅቴ ይባላል። በጎጃም የአብነት ትምህርት ቤት ባሕረ ሐሳብ የተማረ ሰው ጥንተ አበቅቴ 11፣ ጥንተ መጥቅዕ 19፣ ድምራቸው 30 መሆኑን በቃሉ ያውቀዋል። እዚህ ግን ልዩነቱ ተጠራቅሞ ይካካሳል፤ 19 የፀሐይ ዓመታትና 235 የጨረቃ ወራት እኩል ይመጣሉና። ዐቢይ ጾም ከየካቲት 1 ቀድሞ፣ ከመጋቢት 5 አልፎ የማይገባው በዚህ ምክንያት ነው። አንዱ አቆጣጠር 11 ቀኑን ይለቀዋል፤ ሌላው ይሰበስበዋል። ሁለቱ ጾሞች ለጥቂት ዓመታት ተገናኝተው የሚለያዩትም ለዚህ ነው።

ይህ ለሥነ ፈለክ መምህር ትልቅ ስጦታ ነው ብለን እናምናለን። በትምህርት ቤቶቻችን ሥነ ፈለክ ለብቻው የሚሰጥ ትምህርት አይደለም፤ በጂኦግራፊና በፊዚክስ መጻሕፍት ውስጥ የተወሰነ ቦታ ተሰጥቶታል። ተማሪው የፕላኔቶችን ስም በተርታ ይሸመድዳል፣ ይፈተናል፣ ያልፋል። ያችኑ ሌሊት በደጁ የምታበራውን ጨረቃ ግን ለምን ትናንት ከወጣችበት ሰዓት 50 ደቂቃ ያህል እንደ ዘገየች አይጠየቅም። የፍኖተ ሰላም መምህራን ትምህርት ኮሌጅ ተመራቂዎች ወደ ገጠር ትምህርት ቤቶች ይወጣሉና፣ አንድ ሠልጣኝ ሰማይን መመልከት ከለመደ ልማዱ ለብዙ ልጆች ይተርፋል።

ለመጀመር ቴሌስኮፕ አያስፈልግም። በረመዳን የመጀመሪያ ምሽት፣ ከኢፍጣር አካባቢ፣ ቀጭኗ ጨረቃ በምዕራብ በኩል ዝቅ ብላ ትታያለች፤ ብዙም ሳትቆይ ትጠልቃለች። በማግስቱ በዚያው ሰዓት ከፍ ብላ ትገኛለች። ክንድን ዘርግቶ የተጨበጠ ቡጢ 10 ዲግሪ ያህል ይሸፍናል፤ ጨረቃ በአንድ ቀን የምትሄደው ከዚያ ጥቂት ይበልጣል። በሰባተኛው ቀን ገደማ እኩሌታዋ በርቶ ከአናታችን በላይ ትሆናለች። በወሩ አጋማሽ ፀሐይ በምዕራብ ስትጠልቅ እርሷ በምሥራቅ ትወጣለች። ተማሪው በየምሽቱ ከግቢው ሳይወጣ ቦታዋንና ቅርጿን በደብተሩ ቢስል፣ ወሩ ለምን አንዳንዴ 29፣ አንዳንዴ 30 እንደሚሆን ራሱ ይደርስበታል። ከተወለደች 15 ሰዓት ያልሞላት ጨረቃ በዓይን ብቻ ለመታየት እጅግ አስቸጋሪ መሆኗን ሲያውቅም፣ በዒድ ዋዜማ «ታየች፣ አልታየችም» የሚለው ክርክር ከየት እንደሚመጣ ይገባዋል።

ቀን ቀን ደግሞ አንድ ቀጥ ያለ ዱላ ይበቃል። ፍኖተ ሰላምና ቡሬ ከምድር ወገብ ወደ ሰሜን 10.7 ዲግሪ ላይ ይገኛሉ። ሚያዝያ 10 ገደማ፣ ከቀኑ 6፡30 አካባቢ፣ ፀሐይ በትክክል ከአናት በላይ ስለምትሆን የቆመ ዱላ ጥላ ያጣል። በዚያው ሰዓት ጎንደር ላይ የቆመ የ1 ሜትር ዱላ ግን ወደ 3.3 ሳንቲ ሜትር ጥላ ይጥላል። ይህም 1.9 ዲግሪ ማለት ነው። በሁለቱ ከተሞች መካከል ያለው ርቀት በካርታ ላይ በቀጥታ ሲለካ 210 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። 360ን ለ1.9 አካፍሎ በ210 ማባዛት ነው፤ ውጤቱ 40 ሺህ ኪሎ ሜትር ይጠጋል። ይህ የምድር ዙሪያ ነው። ከ2 ሺህ 200 ዓመታት በፊት ኤራቶስቴንስ በግብፅ የለካውም በዚሁ መንገድ ነበር። ከፍኖተ ሰላምና ከጎንደር ሁለት ትምህርት ቤቶች በስልክ ተነጋግረው በአንድ ቀን ሊሠሩት ይችላሉ።

ያው ዱላ ቂብላንም ያሳያል። ግንቦት 19 እና 20፣ ከቀኑ 6፡18 ላይ ፀሐይ ከመካ አናት በላይ ትሆናለች። መካና እኛ የሰዓት ልዩነት ስለሌለን ሰዓቱን መቀየር አያስፈልግም። በዚያች ደቂቃ ጥላው ከሚያመለክትበት ተቃራኒው አቅጣጫ ቂብላ ነው፤ ከፍኖተ ሰላም ሲታይ ከሰሜን ጥቂት ወደ ምሥራቅ ያዘነብላል።

አገራችን በዚህ ዘርፍ ባዶ እጇን አይደለችም። የኢትዮጵያ ስፔስ ሳይንስ ሶሳይቲ ከ1996 ዓ.ም. ጀምሮ አለ። 3 ሺህ 200 ሜትር ገደማ ከፍታ ባለው እንጦጦ ላይ የ1 ሜትር መስታወት ያላቸው ሁለት ቴሌስኮፖች ተተክለዋል። ታኅሣሥ 2012 ዓ.ም. የመጀመሪያዋ ሳተላይታችን መጥቃለች፤ በዚያው ወር ለኢትዮጵያ የተመደበው ኮከብ «ቡና»፣ ፕላኔቱም «አቦል» ተብለው በዓለም አቀፍ ደረጃ ተሰይመዋል። ሆኖም እንጦጦ ከፍኖተ ሰላም ከ380 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል። ገጠር ያለው ልጅ የሚያገኘው ቴሌስኮፑን ሳይሆን መምህሩን ነው።

መምህሩንም የማያገኙ አሉ። ባለፉት ዓመታት በክልሉ በተፈጠረው ግጭት በርካታ ትምህርት ቤቶች ተዘግተው ብዙ ልጆች ከትምህርት ገበታ ርቀዋል። ደብተርና ዱላ የክፍልን ቦታ አይተኩም። ነገር ግን ታላቅ ወንድም ወይም እናት ከልጁ ጋር በደጃፍ ቆመው ጨረቃን ቢቆጥሩ፣ የመጠየቅ ልማዱ ትምህርት ቤቱ እስኪከፈት ሳይጠፋ ይቆያል።

የጊዜ ቀጠሮም አለን። ሰኔ 14 ቀን 2012 ዓ.ም. ፀሐይ በላሊበላ ሰማይ ላይ የቀለበት ግርዶሽ ስትሠራ የጎጃምም ጠዋት ደብዝዞ ነበር። ያኔ ትምህርት ቤቶች በኮሮና ምክንያት ተዘግተው ስለ ነበር መምህራን ተማሪዎቻቸውን ሰብስበው ሊያሳዩ አልቻሉም። ሐምሌ 26 ቀን 2019 ዓ.ም. ደግሞ ጨረቃ በመካ ሰማይ ላይ ፀሐይን ሙሉ በሙሉ ትሸፍናለች። እኛ ጋ ግርዶሹ ከፊል ነው፤ የክረምቱ ደመና ከፈቀደ ይታያል። ፀሐይን ያለ ልዩ የግርዶሽ መነጽር ማየት ዓይን እንደሚያጠፋ፣ በካርቶን ላይ በመርፌ በተበሳ ቀዳዳ ግን ምስሏን ወረቀት ላይ አሳርፎ ማየት እንደሚቻል ልጆች አስቀድመው ሊያውቁ ይገባል።

ስለዚህ አንባቢያን ዛሬ ከኢፍጣር በኋላ ወይም ከቅዳሴ መልስ ልጆቻችሁን ይዛችሁ ወደ ደጅ ውጡ። ጨረቃዋ ወዴት እንዳለች ጠይቋቸው፤ የሚሉትንም በደብተራቸው ይጻፉ። ነገም በዚያው ሰዓት ጠይቋቸው።