ኩሬ ሲጠረግ

ሮቤ ስል የአርሲዋን ማለቴ ነው፤ ከባሌዋ ጋር ስለምትምታታ አስቀድሜ ልናገር። 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ፣ ስንዴ በሚበቅልበት ጥቁር ኮትቻ መሬት መካከል ያለችው። እዚህ የመንደር ኩሬ ማለት ክረምት የሚሞላ፣ በጋ ከብት የሚጠጣበት ጉድጓድ ነው። ስለ ጥቅሙ ከዚህ በላይ መናገር ነገር ማብዛት ይሆናል።

እኔን የሚያንገበግበኝ ጠረጋው ነው። ደለል ሞላ ይባልና ጥር ላይ ደቦ ይወጣል፤ ገንዘብ ከተገኘ ደግሞ ኤክስካቫተር ይመጣል። «እስከ ታች ይጠረግ፣ በጠለቀ ቁጥር ብዙ ውሃ ይይዛል» የሚል አይጠፋም። እንዲህ የተጠረገ አንድ ኩሬ አውቃለሁ። ነሐሴ ላይ ጢም ብሎ ሞልቶ ነበር። ለመስቀል ስመለስ ግማሹ የለም፤ ኅዳር ላይ ልጆች ኳስ ይጫወቱበት ነበር።

ኮትቻ ሲረጥብ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፤ የካቲት ላይ ስንጥቁ እጅ ያስገባል። ስለዚህ «ጥቁር አፈር ውሃ ይይዛል» የሚሉት ነገር ግማሹ ብቻ ነው እውነት። ውሃ የሚይዘው የተረገጠው ነው። ለቤት ምርጊት ጭቃ የረገጠ ሰው ያውቀዋል፦ መጀመሪያ ጓሉ እግር ስር እየተንከባለለ ውሃው በመካከሉ ይሾልካል። ሲረገጥ ሲረገጥ ጓሉ ይፈርስና እንደ ሊጥ ይያያዛል፤ ከዚያ ወዲያ ያፈሰሱበት ውሃ እላዩ ላይ ተኝቶ ይቀራል። የኩሬ ወለልም በከብት ኮቴ ለዓመታት የተቦካ ሊጥ ነው። አንዳንዴ ውፍረቱ ከስንዝር አያልፍም። ማሽኑ ያቺን ስንዝር ከገፈፈ ኩሬው ወንፊት ሆነ ማለት ነው።

አንድ አዛውንት ገበሬ ይህን ያሳዩኝ በዱላቸው ነው። ደለሉ ላይ ተከሉና ጫን አሉት። ክንድ ያህል ለስለስ ብሎ ገባና ቀጥ አለ። «ልጄ፣ እዚህ ስትደርስ አካፋህን ጣል» አሉኝ።

አልፎ የቆፈረም ተስፋ አይቁረጥ። ወለሉ ላይ ኮትቻ አፈር በትኖ፣ የበልግ ዝናብ ሲያረጥበው በሬዎችን ደጋግሞ ማመላለስ ነው። የጤፍ ማሳውን በከብት የሚያስረግጥ ገበሬ ለዚህ አስተማሪ አያሻውም። ከሞላ በኋላ ግን ከብቱን በአንድ በር ብቻ ማስገባት፣ ቢቻል ውሃውን ቀድቶ በገንዳ ማጠጣት ይሻላል፤ አልቅት አፍንጫና ጉሮሮ ውስጥ የሚገባው ከብቱ አፉን ኩሬው ውስጥ ነክሮ ሲጠጣ ነው።

ሌላው ጣጣ ደለሉ ባዶ አለመሆኑ ነው። አንድ ጊዜ በአካፋ ያወጣሁት ጓል ተንቀሳቀሰብኝ፤ ስፈለፍለው ዓይኗን የጨፈነች እንቁራሪት። በደጋችን ሌፕቶፔሊስ ግራሚኔየስ የምትባል አለች፤ የዛፍ እንቁራሪት ወገን ሆና ሳለ ዛፉን ትታ አፈር ቆፍራ የምትቀበር፣ ከኢትዮጵያ ውጭ የሌለች። የኔዋ እሷ ትሁን ሌላ አልማልም፤ መልሼ ቀበርኳት። ከዚያ ወዲህ የምለው አንድ ነው፦ ዘንድሮ ግማሹ ይጠረግ፣ ግማሹ ለከርሞ ይቆይ።

ቄጤማውንም እንዲሁ። ለበዓል ጉዝጓዝ በማጭድ ማጨድ ምንም አይደል፤ ከነሥሩ የሚነቅል ሰው ግን የሰው ጎጆ እያፈረሰ ነው። ሰው ስል ያቺን ጭራዋን እየነቀነቀች ቄጤማው ውስጥ የምትሹለከለከውን ቡናማ ወፍ ማለቴ ነው። ፈረንጆቹ የሩዤ ሬይል ይሏታል፤ ከኢትዮጵያና ከኤርትራ ደጋ በቀር የትም አትገኝም።

ቱፎርዲ የሚባለውን የአረም መድኃኒት ስንዴው ላይ ረጭተህ መርጫውን ኩሬው ውስጥ የምታለቀልቅ ወንድሜ ደግሞ አለህ። ውሃውን በባልዲ ቅዳና እዚያው ማሳህ ላይ እጠበው፤ የተረፈ አረም ካለ እሱ ይጠጣው።