«የነርቭ መርፌ» የሚባል መድኃኒት የለም

በአንድ ሳምንት ውስጥ ደሴ ላይ ሦስት ሰዎች አንድ ዓይነት ብልቃጥ ይዘው መጡ። አንዷ ኮምቦልቻ ውስጥ ልብስ ስፌት ላይ የምትሠራ ወጣት ናት፤ የአንድ እጇ አውራ ጣትና ተከታዮቹ ሁለት ጣቶች ሌሊት እየደነዘዙ ከእንቅልፏ ይቀሰቅሷታል። ሁለተኛው ስኳር ከያዛቸው ብዙ ዓመት ያለፋቸው የደሴ ነጋዴ ናቸው፤ ሁለቱም የውስጥ እግራቸው ይለበልባቸዋል። ሦስተኛው ከኩታበር በኩል የመጣ ገበሬ ነው። ክንዱ ላይ ፈዘዝ ያለ፣ ሲነካ የማይሰማው ቦታ አለ፤ ትንሿ ጣቱና የቀለበት ጣቱ መቆልመም ጀምረዋል። እዚያው እጁ ላይ እሳት ያቃጠለው ቁስል አለ፤ ሲቃጠል ግን አላወቀውም።

ለሦስቱም የታዘዘው የቢ ቫይታሚኖች ቅልቅል መርፌ ነው፤ ሰፈሩ ሁሉ «የነርቭ መርፌ» ይለዋል። ገበሬው ስምንት ወር ሲወጋ ቆይቷል። በስምንት ወር ውስጥ አንድም ሰው እጁን ይዞ፣ ዓይኑን አስጨፍኖ፣ «እዚህ ጋ ስነካህ ይሰማሃል?» ብሎ አልጠየቀውም።

ይህ የሚያስቆጣ ነገር ነው። የወጣቷ ነርቭ አንጓዋ ላይ ተጨፍልቋል፤ የነጋዴውን ነርቭ ስኳር ጎድቶታል፤ የገበሬው ነርቭ ውስጥ ደግሞ ባክቴሪያ ገብቷል። ለሦስት የተለያዩ በሽታዎች አንድ መርፌ ሲሰጥ ሕክምና ተደረገ አይባልም። በየስልኩ የሚዞረው «ነርቭ ያጸዳል»፣ «የሞተ ነርቭ ያስነሳል» የሚል ቪዲዮ ደግሞ ነገሩን ያባብሰዋል። ስለዚህ ከሥሩ፣ በቁጥር ይቀመጥ።

1. የነርቭ ሥርዓት ሁለት ክፍል አለው። አንጎልና በአከርካሪ አጥንት ውስጥ የሚወርደው ኅብለ ሰረሰር ማዕከላዊው ክፍል ናቸው። ከእነሱ ወጥተው ወደ ፊት፣ ወደ እጅ፣ ወደ እግርና ወደ ሆድ ዕቃ የሚከፋፈሉት ነርቮች የዳር ክፍሉ ናቸው። በሁለቱም ሠራተኛው ኒውሮን የሚባለው የነርቭ ሴል ነው፤ በሰው አንጎል ውስጥ ብቻ 86 ቢሊዮን ገደማ ይገኛል። ኒውሮን መልእክት የሚቀበልባቸው ቅርንጫፎች፣ አንድ አካልና መልእክት የሚልክበት አክሰን የሚባል ረጅም ክር አለው። ከወገብ ተነሥቶ እግር የሚደርስ አክሰን አንድ ሜትር ያህል ይረዝማል፤ ያ ሁሉ ርዝመት የአንድ ሴል ነው። ለክሩ የሚያስፈልገው አብዛኛው ነገር ከሴሉ አካል ተሠርቶ እስከ ጫፍ ይጓጓዛል። ስኳር ሕመም ረጃጅሞቹን ክሮች አስቀድሞ የሚጎዳው፣ የነጋዴውም ሕመም ከሁለቱም እግር ጣቶች እኩል የጀመረው በዚህ ምክንያት ነው።

2. መልእክቱ በአክሰኑ ላይ የሚጓዘው በኤሌክትሪክ ነው። አክሰኑ ባረፈበት ሰዓት ውስጡ ከውጪው በ70 ሚሊቮልት ያህል አሉታዊ ነው። ሲነቃ በሽፋኑ ላይ ያሉ በሮች ተከፍተው ሶዲየም ይገባል፤ ተከትሎ ፖታሲየም ይወጣል። ይህ በአንድ ሺህኛ ሴኮንድ ገደማ ተፈጽሞ ቀጣዩን ቦታ ይቀሰቅሳል። ብዙዎቹ አክሰኖች ማየሊን የሚባል የስብ ልባስ አላቸው። ልባሱ በየመሃሉ ክፍተት ስላለው መልእክቱ ከክፍተት ወደ ክፍተት ይዘላል፤ በወሎ ደጋ ጥሪ ሸለቆ ሳይወርድ ከሸንተረር ሸንተረር እየተቀባበለ እንደሚሻገር። ፈጣኖቹ ክሮች በዚህ መንገድ በሴኮንድ እስከ 120 ሜትር ይደርሳሉ። ልባስ የሌላቸው ቀጫጭን የሕመምና የሙቀት ክሮች ግን በሴኮንድ ከ2 ሜትር እምብዛም አያልፉም። ጣት ከድንጋይ ሲጋጭ ንክኪው ቀድሞ፣ የሚያቃጥለው ሕመም ዘግየት ብሎ የሚሰማው ስለዚህ ነው።

አክሰኑ ጫፍ ላይ ሲደርስ መልእክቱ ወደ ኬሚካል ይለወጣል። ሲናፕስ በሚባለው እጅግ ጠባብ ክፍተት ውስጥ ኬሚካሉ ይፈስና ከወዲያኛው ሴል መቀበያ ላይ ያርፋል። ከነርቭ ወደ ጡንቻ የሚሠራው አሴቲልኮሊን ነው። በአንጎል ውስጥ ዋናው ቀስቃሽ ግሉታሜት፣ ዋናው አብራጅ ጋባ ነው። የሚጥል በሽታ የሚመጣው ብዙ ኒውሮኖች ያለ ልክ በአንድ ላይ ሲቀሰቀሱ ነው፤ በየጤና ጣቢያው የሚታወቀው ፌኖባርቢታል የጋባን የማብረድ ሥራ ያጠናክራል። ክብሪት ጭሮ ማሽተት በሲናፕስ ላይ የሚለውጠው አንዳች ነገር የለም። ታማሚውን በጎኑ አስተኝቶ አፉ ውስጥ ምንም ነገር አለመክተት ይጠቅመዋል።

3. ጥያቄው ሁልጊዜ «የት ላይ ተጎዳ?» ነው። የስፌት ሠራተኛዋ ሦስት ጣቶች የሚደነዝዙት በአንጓዋ ጠባብ መተላለፊያ ውስጥ የሚያልፈው ነርቭ ስለተጨፈለቀ ነው። መድኃኒቱ ሌሊት አንጓን ቀጥ አድርጎ የሚይዝ ድጋፍ ነው፤ ከባሰ ደግሞ ነርቩን የሚጫነውን ጅማት የሚፈታ ቀዶ ሕክምና ይደረጋል። ነጋዴው ስኳራቸው መስተካከል አለበት፤ እግራቸው በየቀኑ መታየት አለበት። ሜትፎርሚን ለረጅም ጊዜ ከወሰዱ የቢ 12 እጥረት ሊኖርባቸው ስለሚችል፣ ከሦስቱ ሰዎች ቫይታሚን ሊጠቅም የሚችለው ምናልባት እሳቸውን ነው። ይህም ተመርምሮ ነው። ቫይታሚን ቢ ጉድለቱ ላለበት ሰው እውነተኛ መድኃኒት ነው፤ የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒት አይሶናያዚድ ለሚወስድ ሰው ቢ 6 የሚሰጠውም በቂ ምክንያት ስላለ ነው። ይኸው ቢ 6 ያለ ልክ ለረጅም ጊዜ ሲወሰድ ግን ራሱ የስሜት ነርቮችን ይጎዳል። «ቫይታሚን ምን ይጎዳል» የሚል ባለሙያ ይህን ሊያውቅ ይገባል።

የገበሬው ጉዳይ ከሁሉም ይከፋል። የያዘው ሥጋ ደዌ ነው፤ ሥጋ ደዌ ከሁሉ በፊት የነርቭ በሽታ ነው።

ኖርዌያዊው ሐኪም አርማወር ሃንሰን ባክቴሪያውን ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1873 ነው። ባክቴሪያው አንድ ጊዜ ለመባዛት ሁለት ሳምንት ያህል ይፈጅበታል፤ ስለዚህ ምልክቱ ለመታየት በአማካይ አምስት ዓመት፣ አንዳንዴም 20 ዓመት ይወስዳል። ከውስጥ አካል ይልቅ ቀዝቀዝ ያለ ቦታ ይስማማዋል፤ ቆዳን፣ የጆሮ ጫፍን፣ ለቆዳ ቀርበው የሚያልፉ ነርቮችን ይመርጣል። እዚያ ገብቶ የሚሰፍረው ሽዋን በሚባሉት ሴሎች ውስጥ ነው። የዳር ነርቮችን በማየሊን የሚጠቀልሉትና የሚንከባከቡት እነዚህ ሴሎች ናቸው። የሰውነት መከላከያ ባክቴሪያውን ለማጥፋት ሲነሣ ነርቩ ያብጣል፣ በጠባብ መተላለፊያው ውስጥ ይታነቃል፣ አክሰኖቹ ይሞታሉ።

አንድ የዳር ነርቭ ሦስት ሥራ ያላቸው ክሮችን በአንድ ላይ ይይዛል። የስሜት ክሮች ሲሞቱ ሰውየው የጋለ ድስት ይዞ አይሰማውም። የእንቅስቃሴ ክሮች ሲሞቱ ጡንቻ ይከሳል፤ ክርኑ ላይ ያለው ነርቭ ከሆነ ሁለቱ የዳር ጣቶች ይቆለመማሉ፣ ጉልበቱ ጎን ያለው ከሆነ እግር ፊቱን ማንሳት ያቅተዋል፣ የፊቱ ከሆነ ዓይን አይከደንም። ላብን የሚያዝዙት ክሮች ሲሞቱ ቆዳ ይደርቃል፣ ይሰነጠቃል፣ ስንጥቁ ያመረቅዛል። እንግሊዛዊው የቀዶ ሐኪም ፖል ብራንድ እ.ኤ.አ. ከ1940ዎቹ ጀምሮ ደቡብ ሕንድ ቬሎር ውስጥ ሲሠራ ያሳየው ይህንኑ ነው፤ ጣት የሚያጥረው በሽታው ሥጋ ስለሚቆርጥ ሳይሆን፣ ሕመም የማይሰማው እጅ ደጋግሞ ስለሚቃጠል፣ ስለሚቆስልና ስለሚያመረቅዝ ነው።

ሰው ይህን ባለማወቁ ስንቱን ቤት አፍርሷል! በዘር ይተላለፋል እየተባለ የጋብቻ ጥያቄ ተመልሷል፤ ርግማን ነው ተብሎ ሰው ከቤቱ ወጥቷል፤ የበሽታው ስም እስከ ዛሬ ድረስ ስድብ ሆኖ ያገለግላል። እውነቱ ግን አብዛኛው ሰው ለበሽታው የተፈጥሮ መከላከያ ያለው መሆኑ ነው። ሪፋምፒሲን፣ ዳፕሶንና ክሎፋዚሚን የተባሉት ሦስት መድኃኒቶች በ6 ወይም በ12 ወር ያድኑታል፤ መድኃኒቱም በነፃ ይሰጣል። ሕክምና የጀመረ ሰው ብዙም ሳይቆይ ለሌላ ማስተላለፉን ያቆማል።

ሰዓቱ ግን ይቆጥራል። አዲስ የነርቭ ጉዳት በስድስት ወር ውስጥ ከተደረሰበት ፕረድኒሶሎን እብጠቱን አብርዶ ነርቩን ሊያተርፈው ይችላል። ከዚያ በኋላ ተስፋው እየመነመነ ይሄዳል። የዳር ነርቭ አክሰን ቢያቆጠቁጥ እንኳ በጥሩ ሁኔታ የሚያድገው በቀን አንድ ሚሊሜትር ያህል ነው፤ መንገዱ በጠባሳ ከተዘጋ ደግሞ የትም አይደርስም። ስምንት ወር የቫይታሚን መርፌ ማለት እንግዲህ ያቺ ስድስት ወር አለፈች ማለት ነው። የተወጋው መርፌ በራሱ ባይጎዳው እንኳ ዕድሉን ወስዶበታል።

ደሴ ላይ ይህ ሲሆን የበለጠ ያሳፍራል። ከከተማው በስተሰሜን ጥቂት እንደወጡ ሚሲዮናውያን ለሥጋ ደዌ ሕሙማን የመሠረቱት የቦሩ ሜዳ ሆስፒታል አለ። የታሪክ መጽሐፍ ቦሩ ሜዳን እ.ኤ.አ. በ1878ቱ የዐፄ ዮሐንስ ጉባኤ ያነሳታል፤ የወሎ ሕመምተኛ ግን ቦሩ ሜዳን የሚያውቃት በቆዳና በዓይን ሕክምናዋ ነው። አዲስ አበባ ላይ እ.ኤ.አ. በ1965 የተቋቋመው አለርት የተባለው ማዕከል ከመላው አፍሪካ ባለሙያ እየጠራ ያሠለጠነው በዚሁ በሽታ ላይ ነው። አጠገቡ በ1970 የተከፈተው የአርማወር ሃንሰን የምርምር ተቋም በዚሁ ባክቴሪያ ላይ ምርምር ሲያደርግ ኖሯል። አገሪቱ እውቀቱ አላት። ነገር ግን እ.ኤ.አ. በ1999 ኢትዮጵያ የታማሚውን ቁጥር ከ10,000 ሰው ከአንድ በታች አደረሰች ተብሎ ሲታወጅ፣ ብዙ ሰው በሽታው ያለቀ መሰለው። በየዓመቱ ከ2,000 በላይ አዲስ ሕሙማን ዛሬም ይመዘገባሉ። ወጣቱ ባለሙያ ግን አንድም ታማሚ በእጁ ሳይዳስስ ይመረቃል፤ ሥልጠና ሲመጣም አዳራሽ ውስጥ ስላይድ ታይቶ፣ አበል ተፈርሞ ይበተናል። ያበጠ ነርቭ ክርን ላይ እንዴት እንደሚዳሰስ በስላይድ አይማሩትም።

የመሣሪያ እጥረት ነው የሚል መልስ አለ። በ2014 ዓ.ም. ጦርነት ደሴና ኮምቦልቻ ውስጥ የሕክምና ዕቃ መዘረፉ እውነት ነው፤ ብዙ ነገር ከባዶ መጀመር ነበረበት። ለዚህ ምርመራ የሚያስፈልገው ግን እስክሪብቶ ነው። የታማሚው ዓይን ተጨፍኖ መዳፉና የውስጥ እግሩ በእስክሪብቶ ጫፍ ቀለል ተደርጎ ይነካል፤ የተነካበትን ቦታ በጣቱ ያሳያል። ጣቱ እየተገፋ ጉልበቱ ይለካል። ዓይኑን አጥብቆ እንዲጨፍን ይጠየቃል። ጥቂት ደቂቃ ነው።

ወሎ የሌላውን፣ የማዕከላዊውን ክፍል ጉዳትም በደንብ ታውቀዋለች። በ1990ዎቹ አጋማሽ፣ በፈረንጆቹ አቆጣጠር፣ ድርቅ ደላንታና ዳውንትን ሲመታ ገበሬው ድርቅ በሚችለው ጓያ ላይ ወደቀ፤ ብዙ ወጣት እግሩን ተያዘ። ዶ/ር ኃይለየሱስ ጌታሁንና ባልደረቦቹ ወረርሽኙን በ1999 በላንሴት መጽሔት አስነበቡ። ጓያ ውስጥ ያለው ኦዳፕ የተባለ ንጥረ ነገር ግሉታሜትን መስሎ መቀበያው ላይ ይጣበቃል፤ ከአንጎል ወደ ኅብለ ሰረሰር ትእዛዝ የሚያወርዱትን ኒውሮኖች ከልክ በላይ ቀስቅሶ ይገድላቸዋል። ስለዚህ እግሩ ይገተራል፣ ሲራመድ ይጠላለፋል፤ ስሜቱ ግን አይጠፋም፣ አእምሮውም ሙሉ ነው። ከገበሬው እጅ ጋር ሲነጻጸር ጉዳቱ በሁሉም ረገድ ተቃራኒ ነው፤ አንዱ ልል፣ ሌላው ግትር፤ አንዱ የማይሰማው፣ ሌላው የሚሰማው። ለዚህም «የነርቭ መርፌ» የሚወጉ አሉ! የሞተ የማዕከላዊ ክፍል ኒውሮን በመርፌ አይመለስም። የሚጎዳው የጓያው እንፋሎት ነው፣ ገለባው ነው የሚባለውም ልክ አይደለም፤ ጉዳቱ የሚመጣው ጓያ ለሳምንታትና ለወራት ዋና ምግብ ሲሆን ነው። የእነዚሁ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. የ2003 ጥናት እንዳሳየው ቆሎው፣ ንፍሮውና እሸቱ አደጋውን ከፍ ያደርጋሉ፤ ከእህል ጋር ሲቀላቀል ይቀንሳል። የድርቅ ዓመት ዕርዳታ የሚያከፋፍል ተቋም ሁሉ ስንዴው ወደ ጓያ አብቃይ ወረዳ መቼ እንደሚደርስ ሲወስን፣ የስንት ሰው እግር እንደሚተርፍ እየወሰነ ነው።

እንግዲህ ፈዘዝ ያለና የማይሰማ የቆዳ ቦታ ያለው፣ ጣቱ የሚቆለመም፣ ሳይሰማው የሚቃጠል ሰው «የነርቭ መርፌ» ሲባል እጁን ይሰብስብና «መጀመሪያ ስሜቴን መርምሩልኝ» ይበል። ባለሙያውም ሪፈር ለመጻፍ አይዘግይ። ሥጋ ደዌ የተገኘበት ሰው ቤተሰብም ልብሱን አውልቆ፣ ጀርባው ሳይቀር፣ በብርሃን ይታይ፤ የዓለም የጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. ከ2018 ጀምሮ በሽታው ለሌለባቸው የቅርብ ሰዎች አንድ ጊዜ የሚዋጥ ሪፋምፒሲን ለመከላከያ መክሯል። የኩታበሩ ገበሬ ልጆች ገና አልታዩም፤ በዚህ ሳምንት መታየት አለባቸው።