አምስቱ ጠባዮች የማን ናቸው?

ለሥራ ያመለከተ ሰው ከጽሑፍ ፈተናው ቀጥሎ ሌላ ወረቀት ይሰጠው ይሆናል። «የጀመርኩትን ሳልጨርስ አላርፍም።» «ከማላውቀው ሰው ጋር ወሬ መጀመር አይከብደኝም።» «ትንሹም ነገር ያበሳጨኛል።» ከየዓረፍተ ነገሩ ትይዩ ከ1 እስከ 5 ቁጥር ተደርድሯል፤ 1 «ፈጽሞ አልስማማም»፣ 5 «በጣም እስማማለሁ» ማለት ነው። ከላይ «ትክክል ወይም ስህተት የሚባል መልስ የለም» ተብሎ ተጽፏል። አመልካቹ ግን ሞኝ አይደለም። እንጀራው ወረቀቱ ላይ መሆኑን ስለሚያውቅ፣ ቁጡ ቢሆንም እንኳ 1ን ያከብባል።

መልሱ ምን ያህል እውነት ነው የሚለው ራሱን የቻለ ጣጣ ነው። ከዚያ የሚቀድመው ግን ጥያቄው ራሱ ከየት መጣ የሚለው ነው። ዛሬ በየጥናቱና በየመሥሪያ ቤቱ የሚዞሩት የስብዕና መጠይቆች ብዙዎቹ የተቀዱት ተመራማሪዎች «አምስቱ ታላላቅ» ከሚሉት ሞዴል ነው። አምስቱም ለአዲስ ነገር ክፍት መሆን፣ ትጉህነት፣ ተግባቢነት፣ ቅንነትና የስሜት መረበሽ ናቸው። እነዚህ የሰው ልጅ ሁሉ ጠባይ መስመሮች ናቸው ወይስ የአንድ ዓይነት ኅብረተሰብ? ሊቃውንቱ በዚህ ሲከራከሩ አሥርት ዓመታት አልፈዋል። (እዚህ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ነገሩ የተጀመረው በመዝገበ ቃላት ነው። እንግሊዛዊው ፍራንሲስ ጋልተን በ1884 የሮጀትን የተመሳሳይ ቃላት መዝገብ አገላብጦ ጠባይ ገላጭ ቃላት አንድ ሺህ ያህል እንደሚሆኑ ገመተ። ከጀርባው ያለው ሐሳብ ቀላል ነው፤ ሰዎች አንዱ ስለሌላው ማወቅ የሚያስፈልጋቸውን ሁሉ ውሎ አድሮ ስም ያወጡለታል፤ ስለዚህ ቃላቱን የሰበሰበ የጠባይን ካርታ ሰበሰበ ማለት ነው። በ1936 ጎርደን ኦልፖርትና ሄንሪ ኦድበርት የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን ሥራውን በአዲስ ጉልበት ያዙት። ትልቁን የዌብስተር መዝገበ ቃላት ከዳር እስከ ዳር ፈትሸው አንድን ሰው ከሌላው ለመለየት የሚያገለግሉ 17,953 ቃላት አወጡ። ከእነዚህ ውስጥ የጸና ጠባይን ይገልጻሉ ያሏቸው 4,504 ብቻ ነበሩ። የቀሩት አንዳንዶቹ ጊዜያዊ ስሜት፣ አንዳንዶቹ ሙገሳና ነቀፋ፣ ሌሎቹም ለመመደብ የሚያስቸግሩ ነበሩ።

አራት ሺህ አምስት መቶ ቃል ይዞ ማንንም መለካት አይቻልም። ሬይመንድ ካቴል በ1940ዎቹ ተመሳሳዮቹን እያጣመረ ወደ 35 አወረዳቸው። ከዚያ በኋላ ያለው ስሌት ነው። አንድን ሰው የሚያውቁት ሰዎች «ሰዓት አክባሪ ነው» ካሉት «ዕቃው በሥርዓት የተቀመጠ ነው»ም የማለታቸው ዕድል ሰፊ ነው፤ ሁለቱ ቃላት አብረው ይሄዳሉ። «ሰዓት አክባሪ» እና «ጨዋታ አዋቂ» ግን የግድ አብረው አይሄዱም። በሺህ የሚቆጠሩ ሰዎች ለብዙ ቃላት ነጥብ ሲሰጡ አብረው የሚወጡና የሚወርዱት ቃላት በየጎራቸው ይሰባሰባሉ፤ የጎራዎቹ ቁጥር ነው እንግዲህ አምስት የሚባለው። ይህ ስሌት የሚነግረን በብዙ ሰዎች መካከል ያለውን ልዩነት እንጂ በአንድ ሰው ልብ ውስጥ አምስት ክፍል መኖሩን አይደለም። መጽሔቶችና አሠልጣኞች ይህን ሲዘነጉት ደጋግሜ አያለሁ።

አምስቱ ጎራዎች ጥርት ብለው የወጡት ከአንድ የጦር ሰፈር ነው። ኧርነስት ቱፕስና ሬይመንድ ክሪስታል የተባሉ ሁለት የአሜሪካ አየር ኃይል ተመራማሪዎች በቴክሳስ፣ ላክላንድ ሰፈር፣ አብረው የኖሩና የሠለጠኑ ሰዎች አንዱ ለሌላው የሰጡትን ነጥብ ጨምሮ የስምንት ቡድኖችን መረጃ አሰሉ። ሥራው በ1961 እንደ ወታደራዊ ቴክኒክ ሪፖርት ታትሞ ለረጅም ጊዜ ከጥቂቶች በቀር ያነበበው አልነበረም። በትልቅ የሙያ መጽሔት የወጣው በ1992 ነው፤ ሠላሳ አንድ ዓመት ቆይቶ። ሊዊስ ጎልድበርግ «አምስቱ ታላላቅ» የሚለውን ስም የሰጠው በ1981 ሲሆን፣ ፖል ኮስታና ሮበርት ማክሬ ደግሞ በባልቲሞር ሆነው እስከ ዛሬ በስፋት የሚሠራበትን መጠይቅ አዘጋጁ።

በመሃል ግን መስኩ ሊፈርስ ደርሶ ነበር። ዋልተር ሚሼል በ1965 ያሳተመው ጥናት ወደ ናይጄሪያ ስለተላኩ የፒስ ኮር (የሰላም ጓድ) መምህራን ነበር፤ የዚያ ዘመን የኛ ተማሪዎችም የዚሁ ጓድ መምህራን ነበሯቸው። ባለሙያዎች ቃለ መጠይቅ አድርገው፣ ኮሚቴ ተቀምጠው የሰጧቸው ግምት መምህራኑ ናይጄሪያ ሄደው ምን ያህል እንደሠሩ አልተነበየም። ስለ ራሳቸው በቀላል ወረቀት የመለሱት ከዚያ የተሻለ ፍንጭ ሰጠ። ሚሼል በ1968 ባወጣው መጽሐፍ ነገሩን አሰፋው፤ በመጠይቅ የተለካ ጠባይና በተጨባጭ የታየ ምግባር ያላቸው ዝምድና ደካማ ነው፣ ከ0.30 እምብዛም አያልፍም አለ። ሰው እንደ ሁኔታው ነው፤ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ጭምት የሆነው ሰው ኳስ ሜዳ ላይ ጉሮሮው እስኪደርቅ ይጮሃል።

ክርክሩ አሥር ዓመት ያህል የዘርፉን ትንፋሽ አሳጠረው። መልስ የመጣው ሰውን አንድ ቀን ብቻ ሳይሆን ብዙ ቀን በመመልከት ነው። ሲሞር ኤፕስታይን በ1979 እንዳሳየው የአንድ ቀን ምግባር ብዙም አይተነብይም፤ የብዙ ቀናት አማካይ ግን ይጸናል። ከዚያ በኋላ የመጡት ማስረጃዎች ቀላል አይደሉም። መሪ ባሪክና ማይክል ማውንት በ1991 117 ጥናቶችን ሰብስበው ትጉህነት በመረመሯቸው የሙያ ዓይነቶች ሁሉ ከሥራ ውጤት ጋር እንደሚያያዝ አሳዩ። ክሪስቶፈር ሶቶ በ2019 ቀደም ሲል የታተሙ 78 ግኝቶችን እንደገና ፈትኖ 87 በመቶው ጸንተው አገኛቸው፤ በሥነ ልቦና ታዋቂ ጥናቶች እየተደገሙ በሚወድቁበት ዘመን ይህ የሚያኮራ ውጤት ነው።

ቁጥሩን ግን በልኩ መያዝ ያስፈልጋል። በትጉህነትና በሥራ ውጤት መካከል ያለው ዝምድና በ0.2 አካባቢ ነው። ይህ ማለት በሠራተኞች መካከል ካለው የውጤት ልዩነት ትጉህነት የሚያብራራው ከመቶ አራት እጅ ያህሉን ነው። አንድ ሺህ ሰው ለሚቀጥር ድርጅት ይህም ጥቅም አለው። ፊት ለፊቱ ስለተቀመጠው አንድ አመልካች ለመፍረድ ግን ከንቱ ነው ማለት ይቻላል። ሰውን በአራት ፊደል የሚመድበውን፣ በየሥልጠናው የሚወደደውን የማየርስ–ብሪግስ ፈተና በተመለከተ ብዙ ማለት አያስፈልግም፤ ያው አንድ ሰው ከሳምንታት በኋላ ደግሞ ሲሞላው ሌላ ፊደል የሚያገኝበት ጊዜ ብዙ ነው።

እስካሁን የተባለው ሁሉ በአብዛኛው ስለ አሜሪካና ስለ አውሮፓ ነው። አምስቱ ድንበር ይሻገራሉ ወይ? ማክሬና ኮስታ በ1997 በጀርመንኛ፣ በፖርቱጋልኛ፣ በዕብራይስጥ፣ በቻይንኛ፣ በኮሪያኛና በጃፓንኛ ተመሳሳይ መዋቅር አግኝተናል ብለው የሰው ልጅ ሁሉ የጋራ ነው ለማለት ደፈሩ። በ2005 ማክሬና አንቶኒዮ ቴራቺያኖ ከብዙ አገር ባልደረቦች ጋር 50 ባህሎችን አዳረሱ፤ ኢትዮጵያም አንዷ ነበረች። 11,985 ተማሪዎች ስለሚያውቁት ሰው ሞሉ። አምስቱ በብዙዎቹ አገሮች በግልጽ ታዩ፤ በአፍሪካ ናሙናዎች ግን ምስሉ ደበዘዘ፣ የመልሶቹም ጥራት ዝቅ አለ። ልብ በሉ፣ የሞሉት የኮሌጅ ተማሪዎች ናቸው። ኮሌጅ የገባ ሰው መጠይቅ መሙላት የለመደ፣ ስለ ጠባይ በትምህርት ቤት ቋንቋ ማሰብ የተማረ ነው።

በዚያው ዓመት ከዚሁ ቡድን የወጣ ሌላ ጥናት ግን ሁልጊዜ የማነሳው ነው። በ49 ባህሎች ያሉ 3,989 ሰዎች «የአገርህ ሰው በጥቅሉ ምን ዓይነት ነው?» ተብለው ተጠየቁ። መልሳቸው በዚያ አገር ሰዎች ላይ ከተለካው አማካይ ጠባይ ጋር አልተዛመደም። ካናዳውያን ራሳቸውን ገራም፣ አሜሪካውያን ራሳቸውን ደፋር አሉ፤ ሲለኩ ግን ሁለቱ ተቀራራቢ ናቸው። «የእገሌ አገር ሰው እንዲህ ነው» እያለ ቡና ላይ የሚፈርድ ሁሉ ይህን ቢያነብ ደስ ይለኛል።

ወሳኙ ፈተና የመጣው ከቦሊቪያ ደን ነው። ቺማኔ የሚባሉት ሕዝቦች እያደኑ፣ ዓሣ እያጠመዱና አነስተኛ ማሳ እያረሱ የሚኖሩ ናቸው። ማይክል ገርቨንና ባልደረቦቹ አንድ የታወቀ የአምስቱ ጠባዮች መጠይቅ በቋንቋቸው ተርጉመው ለ632 ጎልማሶች በቃል አነበቡ። አምስቱ አልወጡም። የትዳር ጓደኛቸው ምን ዓይነት ሰው እንደሆነ ሲጠየቁም አልወጡም። የተማሩትን ለብቻ፣ ስፓኒሽ የሚችሉትን ለብቻ፣ ወንዱን ከሴቱ ለይተው ቢያሰሉም ያው ነው። በ2013 ባሳተሙት ጥናት የታዩት ሁለት ጎራዎች ብቻ ናቸው፤ አንዱ ለሰው መልካም መሆን፣ ሌላው ታታሪነት።

ለምን? አንዱ ማብራሪያ የኑሮው ስፋት ነው። ከተሜው ጸጥ ያለና ጥንቁቅ ቢሆን ሒሳብ ሠራተኛ፣ ተጫዋችና ደፋር ቢሆን ነጋዴ ይሆናል፤ ለየጠባዩ ቦታ አለው። በትንሽ መንደር ግን ሁሉም አዳኝ፣ ሁሉም ገበሬ፣ ሁሉም ጎረቤት ነው፤ ጥሩ ሰው ለመባል ብዙውን ነገር አንድ ላይ አሟልቶ መገኘት ግድ ይላል። በ2017 የ55 አገሮችን መረጃ ያነጻጸሩ ተመራማሪዎች፣ ኑሮው በሙያና በኑሮ ዘይቤ በተወሳሰበ አገር ጠባዮቹ እርስ በርስ እንደሚለያዩ፣ ኑሮው ቀለል ባለበት ደግሞ ተጣብቀው እንደሚሄዱ አሳይተዋል።

ሌላው ማብራሪያ የበለጠ ተራ ነው፤ ምናልባትም ለኛ የበለጠ የሚቀርብ። ራሺድ ላዣዥና ባልደረቦቹ በ2019 ከ23 ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ካላቸው አገሮች የተሰበሰበ የ94,751 ሰዎች መረጃ መረመሩ። መረጃ ሰብሳቢ ፊት ለፊት ተቀምጦ በጠየቃቸው ሰዎች ዘንድ ጥያቄዎቹ ይለካሉ የተባለውን አልለኩም። ከእነዚሁ አገሮች በኢንተርኔት ራሳቸው ገብተው የሞሉ ሰዎች መረጃ ግን ሥርዓት የያዘ ነበር።

ይህን ለመረዳት የገጠር ደጅ ማሰብ ይበቃል። ታብሌት የያዘ ወጣት ከከተማ መጥቶ በርጩማ ላይ ተቀምጧል። የቤቱ እመቤት ቡና ልታፈላለት እየተጣደፈች ነው፤ ጎረቤት ቆሞ ይሰማል፤ ልጆች ይንጫጫሉ። «እማማ፣ ብዙ ማውራት ይወዳሉ?» «አዎ ልጄ።» ከአሥር ጥያቄ በኋላ፣ «ዝምተኛ ነዎት?» «አዎ።» ውሸት አልተናገሩም። እንግዳን መቃወም ነውር ነው፤ ቤት ድረስ ለመጣ የሰው ልጅ እሺታ ይገባዋል። ተመራማሪዎች ይህን ለሁሉም የመስማማት ዝንባሌ ይሉታል፤ ላዣዥና ካረን ማኩር በምዕራብ ኬንያ ገበሬዎች ዘንድ መጠይቆችን ሲፈትኑም አንዱ ራስ ምታታቸው ይኸው ነበር። መድኃኒት ተብሎ የሚገባው አሉታዊ ጥያቄ ደግሞ ነገሩን ያባብሰዋል። «ሰነፍ አይደለሁም በሚለው አይስማሙም?» ተብሎ በቃል የተጠየቀ ሰው አዎ ቢልም አይ ቢልም ምን ማለቱ እንደሆነ ጠያቂውም አያውቀውም።

ከዚህ ተነስቶ ጠባይ የሚባል ነገር የለም፣ ሁሉም የፈረንጅ ፈጠራ ነው የሚሉ አሉ። አልስማማም። በአንድ ቤት ያደጉ ወንድማማቾች እንደሚለያዩ ማንኛዋም እናት ታውቃለች፤ የመንትዮች ጥናትም ከልዩነቱ ግማሽ የሚጠጋው ከውርስ ጋር እንደሚያያዝ ደጋግሞ አሳይቷል። የሚያጠራጥረው የልዩነቱ መኖር አይደለም፤ ልዩነቱ በየትኛውም አገር በእነዚሁ አምስት መስመሮች ይከፈላል የሚለው ነው። ስለዚህ በሌላ አገር የተሠራ መጠይቅ ተርጉሞ የሰው እንጀራ ላይ የሚፈርድ መሥሪያ ቤት፣ ጥያቄዎቹ እዚሁ ሰዎች ላይ ተፈትነው እንደሆነ ማስረጃ ሊጠየቅ ይገባል። ማስረጃ ከሌለው አመልካቹን ለአንድ ሳምንት አሠርቶ ማየት ይሻለዋል።

አንዳንድ ተመራማሪዎች ግን ከትርጉም ይልቅ ከሥሩ መጀመር መርጠዋል። አምበር ታልማየር፣ ጄራርድ ሶሲየርና ባልደረቦቻቸው በ2020 ባወጡት ጥናት በማሊ የሱፒሬ፣ በኬንያና በታንዛኒያ የማሳይ ቋንቋ ጠባይ ገላጭ ቃላትን ከየመዝገበ ቃላቱ ሰበሰቡ፤ ቋንቋው የአፍ መፍቻቸው የሆነ ጠያቂዎችም ሰዎችን ስለሚያውቁት ሰው በየቋንቋቸው ጠየቁ። በሁለቱም ቋንቋዎች የተሻለ ሆኖ የተገኘው አከፋፈል አምስት ጎራ ነበረው። የማሳዩ አምስት ግን የሱፒሬው አምስት አይደለም፤ ሁለቱም የቴክሳሶቹ አምስት አይደሉም። ከነባር ሞዴሎች ለሁለቱም ቋንቋዎች በተሻለ የተስማማው ሁለት ጎራ ብቻ ያለው ነው፦ አንዱ ራስን ገዝቶ ከሰው ጋር በወግ መኖር፣ ሌላው ንቃትና ድፍረት።