ሰይጣኑ ልጅ እንዳይስቅ ተነግሮት ነበር

ጠጋ በሉማ፤ ጮክ ብዬ ካወራሁት የፊልም ሙያ ጓደኞቼ ይቀየሙኛል። ክፉ ልጅ ያለበት አስፈሪ ፊልም ላይ ልጁ ብዙ ጊዜ ምንም አይሠራም። የሚለፉት ዙሪያውን ያሉት ናቸው።

በ1976 እ.ኤ.አ. የወጣውን «ዘ ኦመን» ያየ ያውቀዋል። ዳይሬክተሩ ሪቻርድ ዶነር ሰይጣኑን ልጅ ዴሚየንን የሚጫወት ሕፃን ሲመርጥ፣ ለሙከራ የመጡትን ልጆች እንዲደባደቡት ይጠይቃቸው ነበር። ሃርቪ ስቲቨንስ የሚባል ትንሽዬ ልጅ ግን አላመነታም። ዘሎ ተከመረበት፤ ቡጢውንም ወንድ ሲመቱት በሚታጠፍበት ቦታ ላይ አሳረፈ። ሥራውን አገኘ። ወርቃማ ጸጉሩንም ጥቁር ቀቡት።

የዝንጀሮዎቹ ትዕይንትስ? ቦታው እንግሊዝ አገር፣ ዊንዘር የነበረው የአራዊት ፓርክ ነው። ፊልሙ ላይ መንጋው ልጁን ሸትቶ ያበደ ይመስላል። ሚስጥሩ ሌላ ነው፤ ከመንጋው አንዱን ዝንጀሮ እናትና ልጁ ያሉበት መኪና ውስጥ አስገብተውት ነበር። የውጪዎቹ መስኮቱን የሚደበድቡት ለወገናቸው ነው እንጂ ስለ ዴሚየን ምን ገዷቸው! እናትየዋን በምትጫወተው በሊ ሬሚክ ፊት ላይ ያለው ድንጋጤም ትወና ብቻ አይደለም።

የመጨረሻዋ ምስል ግን ትብሳለች። ቀብር ነው። ልጁ ጀርባውን ሰጥቶ ቆሟል፤ ቀስ ብሎ ይዞራል፤ በቀጥታ እኛን ያያል። ዶነር ከካሜራው ኋላ ሆኖ «እንዳትስቅ፤ ከሳቅህ ጓደኛህ አልሆንም» ዓይነት ነገር እያለው ነበር። እንዲህ ተብሎ ሳቁን የሚችል የአምስት ዓመት ልጅ የት አለ? ከንፈሩ ትንሽ ይታገላል፣ ከዚያ ያመልጠዋል። እኛ ሰይጣን ሳቀብን ብለን ስንሰቀጠጥ፣ እሱ እኮ ሳቁን መያዝ አቅቶት ነው።

ኤዲቲንግ ላይም ያው ነው። መጀመሪያ አንዲት ሞግዚት ደንግጣ ስታፈገፍግ አሳይ፤ ቀጥለህ ልጁ ወተት ሲጠጣ አስገባ። ወተቱ ራሱ ያስፈራል። ቅደም ተከተሉን ብትገለብጠው ሞግዚቷ እብድ ትመስላለች።

በ1956 እ.ኤ.አ. የተሠራው «ዘ ባድ ሲድ» ላይ ደግሞ ሳንሱሩ ገባበት። ፊልሙ በተቀዳበት ቲያትር ነፍሰ ገዳይዋ ልጅ ትተርፋለች፤ እናቷ ናት የምትሞተው። የያኔው የሆሊውድ ደንብ ግን ወንጀለኛ ሳይቀጣ አይለቅም ነበር፤ ስለዚህ ልጅቷን መብረቅ መታት። አልበቃ ብሎ በፊልሙ መዝጊያ ተዋንያኑ ሲተዋወቁ እናትየዋ ልጅቷን ጉልበቷ ላይ አስተኝታ ቂጧን ትገርፋታለች። አይዟችሁ፣ ጨዋታ ነው ለማለት መሆኑ ነው። ፊልሙን የገደለው፣ ለእኔ፣ ያ መብረቅ ነው።

«ኦርፋን»ን ያላየ ጆሮውን ይድፈን። ሕፃን መስላ የምትታየው አስቴር ሕፃን አይደለችም፤ የ33 ዓመት ሴት ናት። በ2009 እ.ኤ.አ. በወጣው ፊልም ላይ የተጫወተቻት ኢዛቤል ፉርማን ግን እውነተኛ ልጅ ነበረች። በ2022 እ.ኤ.አ. ቀዳሚ ታሪኩ ሲወጣ ጉድ ፈላ፤ ፉርማን አድጋለች፣ አስቴር ግን ይበልጥ ልጅ መምሰል አለባት። በኮምፒውተር ፊቷን ከማሳነስ ይልቅ በሜካፕና በካሜራ አቀማመጥ ተጠበቡ፤ ከኋላ ስትታይ ሕፃናት ተተኩላት፤ አብረዋት ለሚጫወቱት ደግሞ ወፍራም ሶል ያለው ረጅም ጫማ ተገዛ። ፊልሙን ደግማችሁ ስታዩ ካሜራው ከወገብ በታች አልወርድም ካለ፣ እግራቸው ሥር ምን እንዳለ ታውቃላችሁ።